የጓሮውን ጥግ ከመመንጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጣ ማለት ስትጀምር አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ሰው ግቢውን ዞር ብሎ ያያል። ክረምቱን ሙሉ ማንም ያልደረሰበት የጓሮ ጥግ የሰው ቁመት አክሏል። ሳሩ፣ ሐረጉ፣ እሾሁ ተጠላልፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የተጣለ ቆርቆሮና የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ የቤቱ ሰው ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ገጀራ ይዞ ይገባል። ሰኞ እኛ ጋ ይመጣል። አንዱ ዓይኑ አብጦ፣ አንዱ እግሩን ሚስማር ወግቶት፣ አንዱ ወገቡን ይዞ።

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ብለን ስለ ጓሮ እናወራለን። ረዘም ይላል፤ ግን ገጀራውን ከማንሳታችሁ በፊት አንብባችሁ ብትጨርሱት ደስ ይለኛል።

ጥጉ ለምን የጤና ጉዳይ ሆነ?

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከካዛንቺስ እስከ ቡልጋሪያ፣ ድሮ ግቢ ያለው ቤት ብዙ ነበር። ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው "ኢንቺስ" ከሚባለው ተቋም ነው። "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። የቀሩት አሮጌ ግቢዎች ጥቂት ናቸው። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆቻችን ግን እነዚህ ግቢዎች ትልቅ ነገር ናቸው። ፀሐይ የሚሞቁት፣ የሚራመዱት፣ ጎረቤት የሚያዋዩት እዚያ ነው።

አክስቴ የሚኖሩት ቡልጋሪያ ነው፤ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ስኳር አለባቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የጓሮውን አትክልት ይንከባከቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ጥግ ማንም አልነካውም። ኮኩን ሐረግ ዋጠው፣ ግራዋው ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ገባ፣ የቅንጭቡ አጥር ተንዘርፍፎ መተላለፊያውን ዘጋ። አክስቴም "አይጥ አለ፣ ምን አለ" ብለው ወደ ጓሮ መውጣት ተዉ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ "እትዬ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "የት ልራመድ ልጄ? አስፋልቱ ላይ መኪናው፣ ጓሮው ዱር ሆኗል" ይሉኛል። ስኳራቸው ግን እየጨመረ ነበር።

እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው፣ ከ65 ዓመት በላይ ላሉትም ጭምር፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ጓሮ ውስጥ መሥራትና መራመድ ከዚህ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጥጉን ልናጸዳ ተነሳን። ከማዞሪያው አካባቢ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ መጣ። ገጀራው የተሳለ ነው፤ እግሩ ላይ ግን ያለችው ኮንጎ ጫማ ናት። ጓንት የለ፣ መነጽር የለ። አክስቴ እግሩን አዩና ምንም ሳይናገሩ ገብተው የባለቤታቸውን ቦት ጫማ ይዘው ወጡ። "ልካህ ነው፣ አድርገው" አሉት።

ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ከሥራው በፊት ለልጁም ለቤቱም ሰው የነገርኩት ነው።

1. መጀመሪያ ዕፅዋቱን እወቁ

በከተማችን ጓሮ የሚበቅለው ሁሉ የዋህ አይደለም።

ቅንጭብ እና ቁልቋል፦ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይረጫሉ። ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። አንዳንድ ሰው ይህንኑ ወተት ለኪንታሮት ብሎ ፊቱ ላይ ይቀባዋል። እባካችሁ ተዉት።

አስተናግር (አጤ ፋሪስ)፦ ቆሻሻ በተጣለበት ቦታ ራሱ ይበቅላል። አበባው ነጭ መለከት፣ ፍሬው እሾሃማ ድብልብል ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ፍሬውን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይመታል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቀባጥራል። ሊገድልም ይችላል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፤ አስተናግር በነካ እጅ ዓይንን ማሸት የአንዱን ዓይን ብሌን ብቻ ያሰፋዋል። ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ሐኪሙም "የጭንቅላት ችግር ይሆን?" ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ጓሮ ስመነጥር ነበር" በሉ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ምርመራ ታድናለች።

ጉሎ፦ ቅጠሉ ሰፊ እጅ የሚመስለው። ፍሬው ዥንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይጫወቱበታል። ተኝኮ ከተዋጠ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ይለቃል። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ባይኖር ይመረጣል።

የወፍ ቆሎ፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ ትንንሽ አበባ ያላት። ግንዷ ይቧጭራል፤ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬዋ ለልጆች አደገኛ ነው።

ሳማ፦ ይህችን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ግን ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ቦታውን አትከኩት፤ በውሃና በሳሙና እጠቡት።

ኦሊያንደር፦ በመንገድ ዳርና በግቢ የሚተከለው፣ ቅጠሉ ቀጭን ረዥም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሲቃጠል ጭሱም መርዛማ ነው፤ ልብን ይጎዳል።

በአክስቴ ጓሮ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አራቱ ነበሩ። አስተናግሩ የበቀለው የልጅ ልጆቻቸው ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ አጠገብ ነው። በጓንት ከነሥሩ ነቀልነው፤ ፍሬው እንዳይበተን በማዳበሪያ ከረጢት አሰርነው።

2. ዓይን፦ ጓሮ ውስጥ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው

ቅንጭብ ሲቆረጥ መነጽር ግዴታ ነው። የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ የብየዳ ሠራተኞች የሚያደርጉት ነጩ መከላከያ መነጽር ግን የበለጠ ጎኑን ይሸፍናል። ያን ቀን ሥራው ሲያልቅ ልጁ መነጽሩን አውልቆ አሳየኝ። ቀኙ መስታወት ላይ ሦስት አራት የደረቁ ነጭ ነጠብጣቦች ነበሩ። "ጋሼ፣ ይሄ ዓይኔ ላይ ነበር እኮ የሚያርፈው" አለኝ። አዎ፣ ዓይኑ ላይ ነበር።

ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ፦

ወዲያውኑ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ እጠቡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሰዓት ቆጥራችሁ። ሌላ ሰው ሽፋሽፍቱን ከፍቶ ይያዝላችሁ። አትሹት።

የጡት ወተት፣ ማር፣ ሎሚ፣ የሻይ ቅጠል፣ ምንም አትጨምሩ።

ከታጠባችሁ በኋላ ቀለል ቢላችሁም የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ጉዳት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ማታ ላይ፣ ሊብስ ይችላል። በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ሰው በደንብ ይድናል። ዓይን ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ወይም ቅርባችሁ ያለ የዓይን ክሊኒክ መሄድ ትችላላችሁ።

ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ዓይንን ሲገርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከዕፅዋቱ ጋር ፈንገስ ወደ ዓይን የፊት መስታወት (ኮርኒያ) ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ጠብታ ገዝቶ ማድረግ ነው። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ መቅላቱን ያጠፋና "ዳንኩ" ያሰኛችኋል፤ ፈንገሱ ግን በደስታ ያድጋል። ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው። ከቅጠል ጋር በተያያዘ ጉዳት ሐኪም ሳያይ ጠብታ የለም። በቃ።

3. ሚስማር፣ እሾህ፣ አፈር፦ የመንጋጋ ቆልፍ ጉዳይ

ይህ ክፍል የጽሑፉ ልብ ነው፤ በተለይ ወንዶች በደንብ አንብቡት።

ቴታነስን የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈርና የእንስሳት እበት ውስጥ ይኖራል። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝገት ራሱ ቴታነስ አያመጣም፤ ችግሩ የዛገው ሚስማር አፈር ውስጥ የቆየ መሆኑና አፈሩን ይዞ ወደ ሥጋ ጠልቆ መግባቱ ነው። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥ አየር ስለሌለ ባክቴሪያው ይመቸዋል። የጽጌረዳ ወይም የቡገንቪል እሾህም ይህንኑ ያደርጋል።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ያኔ ቁስሉ ድኖ ሰው ረስቶታል። መጀመሪያ መንጋጋ ይይዛል፤ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ያቅታል። ከዚያ አንገት፣ ጀርባ፣ ሆድ ይገተራል። ትንሽ ድምፅ፣ ትንሽ ብርሃን ሰውነቱን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ አእምሮው ግን ሙሉ በሙሉ ንቁ ነው።

የሕክምና ተማሪ እያለሁ ያየሁትን አንድ አባት አልረሳም። በአርባዎቹ ውስጥ ነበሩ። አጥር ሲያጥሩ እግራቸውን ሚስማር ወጋቸው፣ ቡና ነሰነሱበት፣ ደረቀ። ከሳምንት በኋላ መንጋጋቸው ሲይዝ ቤተሰቡ የጥርስ ሕመም መስሎት ሁለት ቀን ጠበቀ። ሕይወታቸውን ማትረፍ አልተቻለም። የመጨረሻ ልጃቸው ክትባቷን የጨረሰች ሕፃን ነበረች። በአንድ ቤት ውስጥ ሕፃኗ የተጠበቀች፣ እናት በእርግዝና ክትትል የተከተቡ፣ አባት ግን በሕይወታቸው አንድም መርፌ ያልወሰዱ ነበሩ።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሕፃናት ዛሬ ቴታነስን የሚከላከለውን ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በፔንታቫለንት ውስጥ ያገኛሉ። ሴቶች በመውለጃ ዕድሜያቸው ይከተባሉ፤ በዚህ ጥረት እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ ተረጋግጧል። ትልቅ ስኬት ነው። ግን "ማስወገድ" ማለት በሽታው በየወረዳው ከተቀመጠው በጣም ዝቅተኛ ቁጥር በታች ወረደ ማለት ነው፤ ባክቴሪያው ዛሬም ጓሯችን አፈር ውስጥ አለ። ጎልማሳ ወንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም "ና ተከተብ" አይለውም። አፈር የሚቆፍረው፣ አጥር የሚያጥረው፣ ሚስማር የሚረግጠው ግን እሱ ነው።

የሚምታታ ነገር ላጥራላችሁ። ከቁስል በኋላ የሚሰጥ "የቴታነስ መርፌ" ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቲ.ኤ.ቲ. የሚባለው የተዘጋጀ መከላከያ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ ግን በሳምንታት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል። አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ጤና ተቋም ውስጥ ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ክትባቱ ነው፤ ሰውነታችሁ የራሱን መከላከያ እንዲሠራ ያስተምራል። "እኔ እኮ ያኔ ተወግቻለሁ" የሚሉ ብዙ ሰዎች የወሰዱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለረዥም ጊዜ የሚጠብቃችሁ ክትባቱ ነው። ጭራሽ ያልተከተበ አዋቂ ሦስት ጊዜ ይወስዳል፦ መጀመሪያ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ። በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ አለ። ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ቁስል ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ይሰጣል።

ስትወጉ፦ በሚፈስ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡ። ቡና፣ አመድ፣ ቅባት፣ ቅጠል አታድርጉበት። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠልቆ የተሰበረ እሾህ ካለ በመርፌ ቤት ውስጥ አትፈልጉት።

4. አሠራሩ፦ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች

መጀመሪያ እዩ። እጃችሁን ወደማታዩበት ቦታ አታስገቡ። በረዥም እንጨት ነካ ነካ አድርጉ። የንብ ቀፎ፣ የወለደች ውሻ ወይም ድመት ሊኖር ይችላል። እኛ ከቆርቆሮ ሥር ድመት ከነልጆቿ አግኝተን ያንን ጎን ለሌላ ሳምንት ተውነው። ውሻ ወይም ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል።

ቀጥሎ ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን ልቀሙ። ከዚያ ሳሩና ሐረጉ። ዛፉ መጨረሻ ነው።

ዛፍ ስትገርዙ የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ አስቀድሙ። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያበጠ አንገት አለ፤ ከአንገቱ ውጭ ቁረጡ እንጂ ግንዱን አትላጩት። ወፍራም ቅርንጫፍ ከሆነ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ መጋዝ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ መቁረጥ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይወርዳል፤ እናንተንም ሊመታ ይችላል።

አክስቴ ኮኩ ጋ ስንደርስ "እሱን ተዉት፣ የሱ እጅ ነው" አሉ። ሐረጉን ብቻ አወረድንና የደረቁትን ሦስት ቅርንጫፎች ራሳቸው እንዲያሳዩን ጠየቅናቸው። በከዘራቸው እየጠቆሙ አሳዩን። "ይሄ፣ ይሄ፣ ያኛው።" ያን ቀን አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ቆመው ዋሉ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መሰላል ላይ ከወጣችሁ ሥሩን የሚይዝ ሰው ይኑር። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ወይም የቀረበ ቅርንጫፍ ካለ አትንኩት፤ መብራት ኃይል ይምጣ።

5. ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ?

ስኳር ያለባችሁ፦ እግራችሁ ደንዝዞ እሾህ ሲወጋው ላይሰማችሁ ይችላል። ሽፍን ጫማ፣ ካልሲ፤ ሥራው ሲያልቅ እግራችሁን በብርሃን መርምሩ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ በልታችሁ ጀምሩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፦ ስለቱን ለሌላ ሰው ስጡ።

ልብና ደም ግፊት፦ በሥራ መሀል ደረት ከተጫናችሁ፣ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው አቁሙ። "ድካም ነው" አትበሉ።

ወገብ፦ በ20 ደቂቃ አንዴ ሥራ ቀይሩ። ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ።

ሁላችሁም፦ ባርኔጣና ውሃ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

6. ሁለት ክልክሎች

አታቃጥሉ። የቅንጭብ፣ የኦሊያንደር፣ የፕላስቲክ ጭስ ለእናንተም፣ አስም ላለበት የጎረቤት ልጅም መርዝ ነው። መርዛማ ያልሆነውን ቅጠል ጥግ ላይ ከምሩትና ይበስብስ፤ ለቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ ይሆናችኋል። ሌላውን ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ።

ፀረ አረም መድኃኒት በውሃ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ለአንዲት የጓሮ ጥግ ደግሞ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ዶማ ይበቃል።

ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

መንጋጋ መያዝ ወይም መዋጥ ማቃት። ዓይን መደብዘዝ ወይም ብርሃን መፍራት። ከንብ ንድፊያ በኋላ ፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት። ልጅ የማይታወቅ ፍሬ በልቶ ማስታወክ ወይም መቀባጠር (የበላውን ተክል ይዛችሁ ሂዱ)። ቁስሉ አካባቢ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ትኩሳት። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

የመጨረሻው መልእክቴ ሠራተኛ ለምትቀጥሩ ነው። የቀን ሠራተኛው ግቢያችሁ ውስጥ ሲሠራ ጓንት፣ ቦት ጫማና መነጽር የእናንተ ኃላፊነት ናቸው።  "ክትባት ወስደህ ታውቃለህ ወንድሜ?" ብላችሁ ጠይቁት። እኛ ጋ የሠራው ልጅ "እኔንጃ፣ ማን ከትቦኝ?" ነበር መልሱ። አሁን ሁለተኛውን ዙር ወስዷል፤ ሦስተኛው ቀጠሮ ስልኩ ላይ ተመዝግቧል። እናንተስ? አባታችሁስ? ወንድማችሁስ? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋቸው። ያልተከተበ ካለ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ ክትባቱ እዚያ ባይኖር የት እንደሚገኝ ይነግሯችኋል።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ለቤታችሁ ወንዶችና ግቢ ላላቸው ዘመዶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤንነት!